አሥር ጠብታ በደቂቃ

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ

መድኃኒቱ ገባ። አራት ወር ሙሉ «በሚቀጥለው ሳምንት ይደውሉ» ሲሉን የከረሙት ሰዎች ዛሬ ራሳቸው ደወሉ። ልጄ ስልኩን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶ ለመጥፎ ወሬ ነው፤ ለዚህ ምን አመጣው አልኳት። ባለቤቴ ግን አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች። «በል እንግዲህ ጫማዬን ፈልግልኝ» አለችኝ። ጫማ ካደረገች ሦስት ወር አልፏታል።

ነገሩን ለራሴ በሥርዓት ልጻፈው፤ ሐኪም ሲናገር ግማሹን ይውጠዋል። ሕመሙ የነርቭ ነው። ሰውነቷ ራሱን ከበሽታ የሚጠብቅበት ኃይል ተሳስቶ የገዛ ነርቮቿን ጠላት አድርጓቸዋል፤ እንደ ሽቦ ልባስ ያለውን ሽፋናቸውን ይልጠዋል። መጀመሪያ የእግሯ ጣቶች ደነዘዙ፤ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ፤ ቀጥሎ ጉልበቷ ከዳት። መድኃኒቱ ኢሚውኖግሎቡሊን ይባላል። ከብዙ ሺህ ጤነኛ ሰዎች ደም ተጣርቶ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ በደም ሥር ይንጠባጠባል። ባለፈው ዓመት ወስዳው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያለ ምርኩዝ እስከ በሩ ሄዳለች። ቆጥሬዋለሁ፤ ዘጠኝ እርምጃ።

ከጎረቤት ጨው ለምኜ የማላውቅ ሰው ነኝ። አሁን ሚስቴ በማላውቃቸው ሺህ ሰዎች ደም ልትቆም ነው። ይሁን።

ጥቅምት 5፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ቀን። ክፍሉ አራት ወንበር፣ አንድ መስኮትና አንድ የግድግዳ ሰዓት አለው። ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ይዘገያል። ጠብታውን የሚቆጣጠረው ማሽን ተበላሽቶ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ስለዚህ ነርሷ በቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር እያጠበበችና እያሰፋች በዓይኗ ትቆጥራለች። መዘውሯን ቀረብ ብዬ አየኋት። እኔ በውሃ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ ቫልቭ ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህችኛዋ የአሻንጉሊት ነው የምትመስለው።

ነርሷ ቀጭን ናት፤ አርባ አልሞላትም። ከአፏ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ቀስ»። ከባለቤቴ ቀጥሎ ባለው ወንበር ያንኑ መድኃኒት የሚወስድ ጡረተኛ የጭነት መኪና ሹፌር አለ። እሱ «እሜቴ ቀስ» ብሎ ይጠራታል።

ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ላየው አንስቼ ገልበጥ ሳደርገው ከእጄ ተቀበለችኝ።

«አይነቅንቁት አባባ፤ አረፋ ይይዛል፣ ይበላሻል።»

«እኔ ለዚህ ከተማ ውሃ ሳጠጣ አንቺ አልተወለድሽም» አልኳት።

«ይሄ ውሃ አይደለም» አለች፤ አልተቆጣችም። ያልተቆጣ ሰው ያናድደኛል።

ሹፌሩ ሳቀ። «ባለቧንቧው፣ ቁጭ በል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ አልሰማህም? እሜቴ ቀስ ሁላችንንም እንቁላል አድርጋናለች።»

ከመጀመሯ በፊት ባለቤቴን ሦስት ብርጭቆ ውሃ አጠጣቻት፤ ኩላሊት እንዳይጎዳ፣ ደም እንዳይረጋ ነው አለች። የጠርሙሱን ተራ ቁጥር ከወረቀቱ ላይ ገልብጣ ጻፈች። ሙቀቷን፣ የደም ግፊቷን ለካች። ከዚያ በደቂቃ አሥር ጠብታ። በእጅ ሰዓቴ ቆጠርኩ፤ አሥር ነው። ከሰዓት በኋላ አሥራ አምስት፣ ከዚያ ሃያ። በየሠላሳ ደቂቃው ግፊቷን ትለካለች። ስሕተት ፈልጌ አላገኘሁባትም።

ባለቤቴ ምንም አልሆነችም። ማታ በደንብ በላች።

ጥቅምት 6፣ ዓርብ

ሆስፒታል ነን። ተንቀጠቀጠች። ደረቷን ጨመደዳት። ሐኪሞች ሮጡ። ኦክስጅን። ልጄ እየመጣች ነው። ተርፋለች ይላሉ። በኋላ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 8፣ እሑድ፣ ጎሕ ሲቀድ

የዓርቡን ነገር ሰው ከመለወጡ በፊት ልጽፈው።

የዓርቡ ጠርሙስ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ነበር፤ የመጀመሪያው ዓይነት አልቋል አሉ። ከማቀዝቀዣ ዘግይቶ ወጣ። ነርሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «ቅዝቃዜው ይለቀቅ» አለች። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ብናስቀምጠው አልኳት፤ አይቻልም አለች። ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ፋብሪካው ስለተለወጠ እንደ አዲስ ሰው ነው የምንቆጥራቸው ብላ እንደገና ከአሥር ጀመረች፤ እሱንም ለአንድ ሰዓት ሙሉ። ከዚያ አሥራ አምስት።

ክፍሉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አንዴ የተከፈተ ጠርሙስ ለነገ አይቀመጥም፤ ይደፋል። አራት ወር የጠበቅነው መድኃኒት። በዚህ አካሄድ እንደማያልቅ በወረቀት ሠርቼ አሳየኋት።

«ያልቃል አባባ። እርስዎ አይጨነቁ» አለች።

የመንግሥት ሠራተኛን አውቃለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እስክሪብቶው ከእጁ ይወድቃል።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ከቀጣዩ ክፍል ጠሯትና ወጣች። ሹፌሩ ያንኮራፋ ነበር። እኔ ከባለቤቴ አጠገብ ነበርኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ባለቤቴ «በረደኝ» አለች። ጥርሷ መንገጫገጭ ጀመረ። ነርሷን ጮክ ብዬ ጠራሁ። ስትገባ ጠብታው በደቂቃ አሥራ አምስት ነበር። ራሷ ቆማ ቆጥራዋለች። ይህ ይያዝልኝ፤ አሥራ አምስት።

ወዲያው ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቃል። በግርግሩ መሃል የጽዳት ሠራተኛዋ ጠርሙሱን ጣለችው። የቀረውን ማንም አልለካም።

ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ

ራሷን ይፈልጣታል። ሦስት ቀኗ። መጋረጃ ይዘጋ፣ ድምፅ አታሰሙ ትላለች። ሽንቷን በመለኪያ ማሰሮ እለካለሁ፤ ትናንት ትንሽ ነበር፣ ዛሬ ተሻለ። ኩላሊቷ ተርፏል አሉኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሰው ሲያናግር እስክሪብቶውን ይከድናል፤ ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ።

«አባቴ፣ ነርሷን ዘጠኝ ዓመት አውቃታለሁ» አለኝ። «አሥራ አምስት ጠብታ ነበር ካለች አሥራ አምስት ነበር። በዚያ ፍጥነት እንዲህ ከሆኑ መድኃኒቱ ራሱ ከሰውነታቸው ጋር አልተስማማም ማለት ነው። ደግሜ ብሰጣቸው ሊገድላቸው ይችላል።»

«የበፊቱ ፋብሪካስ?»

«የትኛውንም አልደፍርም። ምክንያቱን ሳላውቅ አልደፍርም።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

«ኪኒን አለ፤ ግን ስኳር አለባቸው፣ ስኳሩን ይሰቅለዋል። እሱንም ብዙ መስጠት አልችልም። ባለችው ጉልበት እንያዛቸው።»

ምክንያቱን ሳላውቅ አለ።

ነርሷን አመናት፤ ስላመናት መድኃኒቱን ከለከለ። ይህች ሴትዮ በታማኝነቷም ትጎዳናለች።

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ

አሰብኩበት። ነርሷ ተሳስታ ከሆነ መድኃኒቱ ንጹሕ ነው። መድኃኒቱ ንጹሕ ከሆነ ሐኪሙ መልሶ ይሰጣታል። መንገዱ ይሄ ብቻ ነው።

ለአስተዳደሩ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ታማሚን ትታ መውጣቷን፣ ማሽኑ ሳይጠገን መቆየቱን፣ አስቀድማ በብዙ ለቅቃ ኋላ ላይ ቀንሳ ሊሆን እንደሚችል። «ሊሆን ይችላል» ነው ያልኩት። ሐሰት አልጻፍኩም።

ልጄ ልታነበው ጠየቀችኝ። አላሳየኋትም።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

ነርሷን ከክፍሉ አንስተው ካርድ ክፍል አስገቧት። ሐኪሙ ግን አልተነቃነቀም። «አስተዳደሩ የራሱን ያምናል፤ እኔ የራሴን» አለኝ።

ባለቤቴ ዛሬ ከአልጋ ወደ ወንበር ስናወርዳት ሁለት ሰው አስፈለገ። ባለፈው ሳምንት አንድ ይበቃ ነበር።

ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ ያገኘሁት ይሄ ነው።

ጥቅምት 26፣ ሐሙስ

የስኳር ኪኒኗን ልቀበል ሄጄ ሹፌሩ ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

«ባለቧንቧው! ሚስትህ እንዴት ናት?»

«እንዳለች ናት።»

«እሜቴ ቀስን ካርድ ክፍል ወረወሯት፤ ሰማህ? አሁን የሚሰካልን ጎረምሳ እጁ እንደ ሰካራም ይንቀጠቀጣል። ሦስት ቦታ ወጋኝ። ወንፊት አደረገኝ እኮ!» ክንዱን ገልጦ አሳየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ዕለት ልታመሽ ነበር። ለሚስትህ ብላ።»

«ማን አለህ?»

«ራሴ ሰማኋታ። ገና እንደተጀመረ ቤቷ ደውላ 'እኔን አትጠብቁ፣ ራታችሁን ብሉ' አለች። የክፍሉን ቁልፍም ከጥበቃው ተቀብላ ኪሷ ከታዋለች። ጠርሙሱ እስኪያልቅ ልትቀመጥ።»

«አላወቅሁም» አልኩት።

«አልጠየቅካትማ!» አለኝና ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ወዳጄ። እኔማ ደግነቱ ተኝቼ ነበር፤ ነቅቼ ቢሆን ምስክር ብለው ያንከራትቱኝ ነበር።»

ሳቀ። ዓይኑ ግን አልሳቀም፤ እጄን ነበር የሚያየው።

የኪኒኑን ከረጢት ወንበር ላይ ረስቼ ወጣሁ። ከግማሽ መንገድ ተመለስኩ።

ኅዳር 2፣ ረቡዕ

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። አንሥቼ ሰጠኋት። እንደገና ወደቀ። «የሚያዳልጥ ማንኪያ ነው» አለች።

የሚያዳልጥ አይደለም። ሃያ ዓመት የበላንበት ማንኪያ ነው። ሕመሙ ወደ እጇ ወጥቷል።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

ልጄ አስተማሪ ናት፤ ተማሪ እንደምትመረምር ነው ሰው የምትጠይቀው። ዛሬ የእናቷን ፀጉር እያበጠረች፣ እኔ በሩ ሥር ጫማ ስጠርግ ሳለሁ፣ እንዲህ አለች።

«እማዬ፣ ያን ዕለት ነርሷ ስትወጣ ያቺን መዘውር የነካት ሰው ነበር?»

ማበጠሪያው ቆመ።

«እኔ ምን አውቄ። ተኝቼ ነበር» አለች ባለቤቴ።

«አባዬስ? አንተ አልነበርክም እንዴ?»

«ነበርኩ» አልኩ።

«እና?»

«እናትሽን ፀጉሯን አታሳምሚያት» ብዬ ጫማውን ይዤ ወጣሁ።

ተኝታ አልነበረችም። ፊቷ ወደኔ ነበር፤ ዓይኖቿ ክፍት ነበሩ።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ገጹን ልቀደው ነበር። ገጾቹን ሁሉ ቁጥር ሰጥቼአቸዋለሁ፤ አንዱ ቢጎድል ይታወቃል።

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት። ጠርሙሱ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር፤ አንዱ ሚሊ ሊትር ሃያ ጠብታ፤ በጠቅላላው አራት ሺህ። እስከ ዘጠኝ ተኩል አንድ ሺህ ሃምሳ ወርዷል። የቀረው ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ፣ የቀረው ጊዜ ዘጠና ደቂቃ። በደቂቃ ሠላሳ ሦስት። ስሌቱ ልክ ነው። አሁንም ልክ ነው።

በስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ የቧንቧ ግፊት ስሌት በራሴ ከመጻሕፍት ተማርኩ። ዲግሪ ያላቸው መሐንዲሶች መጥተው ጠይቀውኛል። መስመር ላይ ቫልቭ ቶሎ ከከፈትክ ቧንቧው ይፈነዳል፤ ይህን ለሁሉም አዲስ ሠራተኛ የማስተምር እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ሳቀች። እኔ ጠረግሁት።

ኅዳር 14፣ ሰኞ

እግሯን ለብ ባለ ውሃ ሳጥብ ነበር። ሁልጊዜ ሰኞ አጥባታለሁ።

«ቀዘቀዘብሽ?» አልኳት።

«አይሰማኝም። ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ አንተ ንገረኝ።»

ለብ ያለ ነው አልኳት። ጣሪያውን እያየች ተናገረች።

«ዓይኔን ገልጬ ነበር።»

እግሯን አለቀቅሁም። «አውቃለሁ» አልኩ።

«እንደምታውቅ አውቃለሁ።»

ውሃው ይንጠባጠብ ነበር።

«ለምን አልተናገርሽም? ሐኪሙ እግርሽ ላይ ሲፈርድ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ተሳስተህ አታውቅማ!» አለች። ቀልድ አልነበረም። «አርባ አንድ ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ቀን 'ተሳሳትኩ' ስትል አልሰማሁም። ይህን ከአፍህ ቢያወጡት የምትሞት መሰለኝ። እኔ እግሬን ባጣ አንተ ትሸከመኛለህ። አንተ ስምህን ብታጣ ማን ይሸከምሃል?»

«እጅሽም እየሄደ ነው።»

«እሱን አላሰብኩትም ነበር» አለች። ያኔ ብቻ ድምጿ ተሰበረ። «እግሬ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

አደረቅኋት። ካልሲዋን አጠለቅሁላት። ጎድጓዳ ሳህኑን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁና ለረጅም ጊዜ አልገባሁም።

አሁን ጽፌ ልጨርሰው። ነርሷ ስትወጣ ተነሥቼ መዘውሯን ከፈትኩ። እጄ ለምዶታል፤ ግማሽ ዙር እንኳ አልሞላም። በደቂቃ ሰባ ጠብታ። ሠላሳ ሦስት ይበቃ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከላይ ሠርቼዋለሁ። ሰባ ያደረግሁት ተመልሳ ስትገባ ጠርሙሱ ጎድሎ አይታ ዝም እንድትል ነው። እኔ ልክ እንደነበርኩ እንድታይ። ባለቤቴ «በረደኝ» ስትል ነርሷን ከመጥራቴ በፊት መዘውሯን ወደ ነበረችበት መለስኳት። ሚስቴ ጥርሷ እየተንገጫገጨ እኔ ጠብታ ስቆጥር ነበር፤ አሥራ አምስት እስኪሆን። ከዚያ ነው የጮኽኩት።

እሷም ይህን ሁሉ ታይ ነበር።

ኅዳር 15፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። ልጄን አላስከተልኩም።

ሐኪሙ ወረፋዬን ጠብቄ ስገባ እስክሪብቶውን ከደነ። ቆሜ ነገርኩት። ተቀመጡ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ስንት አደረጉት?» አለ።

«ሰባ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ሃያ ደቂቃ።»

በዝግታ አሰላ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ሰባ ሚሊ ሊትር» አለ። «አዲስ ምርት። ስኳር ያለባቸው፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ያሉ ሴት።» እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። ቢጮህብኝ መልስ ነበረኝ። አልጮኸም። «ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ነው አባቴ። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይህን መድኃኒት ስጠላ ከረምኩ።»

«አሁን ይሰጧታል?»

«የደምና የኩላሊት ምርመራቸውን ልይ። ደህና ከሆነ ከዝቅተኛው እንጀምራለን። ሽፋኑ ከተላጠ በኋላ ነርቩ ራሱ መድረቅ ይጀምራል። የደረቀውን ግን አልመልስም። ይህን አሁኑኑ ይወቁት።»

ከዚያ ወደ ካርድ ክፍል ሄድኩ። ነርሷ ከትንሿ መስኮት ጀርባ አቧራ የጠጣ ዶሴ ትደረድር ነበር። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሁሉንም ነገር እዚያው፣ ሰው እየሰማ ነገርኳት።

አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇን በልብሷ ጠረገች።

«ቁልፉ ኪሴ ነበር» አለች። «ብጠየቅ እነግርዎት ነበር።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ክሱ በጽሑፍ ነበር አባባ። ይሄም በጽሑፍ ይሁን። ቀጥሎ ማን ነው?»

ኅዳር 16፣ ረቡዕ

ጻፍኩ። አንድ ገጽ። «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል የለበትም።

ለልጄ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ ወረቀቱን ተቀብላ አንድ የፊደል ግድፈት አረመች። ለእናቷ ሾርባ ሠራች። ለእኔም አቀረበች፤ ሳህኑን ግን ከሩቅ ነው ያስቀመጠችው።

ኅዳር 22፣ ማክሰኞ

ነርሷ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። ማሽኑ ግን እስካሁን ጨርቁን እንደለበሰ ነው። ሐኪሙ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ጠርሙስ በተሰቀለበት ሰዓት እኔ ክፍሉ ውስጥ አልገኝም። ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ውጭ እቀመጣለሁ። ውሃ እንኳ ልጄ ናት የምታቀብላት።

አዲስ ሕግም አለ። መድኃኒቱን ከመስቀሏ በፊት ነርሷ የታማሚውን ካርድ ድምፅ አውጥታ ታነባለች፤ ከዚህ በፊት ምን ደርሶበት እንደነበር፣ በምን ምክንያት። ታማሚው ሰምቶ «አዎ» ይላል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ስሟን፣ ክብደቷን፣ የምርቱን ቁጥር አነበበች። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ሳትከብድ ሳትቀል፣ እንዲህ አነበበች።

«ጥቅምት ስድስት፣ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት፣ የደረት ሕመም፣ የደም ግፊት መናር፣ ራስ ምታት። ምክንያት፤ የጠብታው ፍጥነት በታማሚዋ ባል እጅ መጨመሩ።»

«አዎ» አለች ባለቤቴ።

ይህ ጽሑፍ ከካርዱ አይወጣም። መድኃኒቱን በወሰደች ቁጥር ይነበባል። በየሦስት ሳምንቱ፣ ሕይወቷን ሙሉ።

ሹፌሩ ከውስጥ ሳል አለ። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ተቀመጥኩ። ጠብታው ስንት እንደሆነ አላውቅም። ግድግዳው ላይ የተላጠ ቀለም አለ፤ እሱን ሳይ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 1፣ ሐሙስ

ማንኪያ ይዛ በላች። ራሷ። አልወደቀም። ልጄ ዘወር ብላ አለቀሰች። ዝም አልኳት።

ታኅሣሥ 5፣ ሰኞ

የቀኝ እግሯን አውራ ጣት አንቀሳቀሰች። ግራው የለም። ውሃውን ሞቅ አደረግሁት፤ «ቀኙ ተሰማኝ» አለች።

ታኅሣሥ 12፣ ሰኞ

ሐኪሙ በመርፌ ነካካት፣ በመዶሻ መታ መታ አደረጋት። እጆቿ ተመልሰዋል። ቀኝ እግሯ ይመለሳል። ግራው ከቁርጭምጭሚት በታች ደርቋል፤ የፕላስቲክ መደገፊያ ይታዘዝላታል።

«ዘገየን» አለ ሐኪሙ።

«ዘገየን አትበል» አልኩት። «አንተ አልዘገየህም።»

ባለቤቴ ከመርመሪያው አልጋ ላይ ሆና «ተው» አለችኝ። ቤት ከገባን በኋላ ግራ እግሯን በእጇ አንሥታ ትራሱ ላይ አስቀመጠችው፤ እንደ ዕቃ። «አልተቆጣሁም እንዳይመስልህ» አለች። «ያን ዕለት ያዘንኩልህ እኔ ነኝ፤ አሁን የምቆጣውም እኔው ነኝ። ሁለቱንም ትችላለህ።»

እችላለሁ አልኳት።

ታኅሣሥ 13፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው ዙር። እኛዋ ነርስ ዕረፍት ላይ ናት፤ በእሷ ፋንታ የመጣችው ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ናት። ባለቤቴን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ልወጣ ስል ካርዱን ማንበብ ጀምራ ነበር። ስም፣ ክብደት፣ የምርት ቁጥር፤ ጥርት ያለ ድምፅ አላት። ምክንያቱ ጋ ስትደርስ ግን ቀና ብላ አየችኝ። ሽበቴን አየች መሰለኝ። ድምጿን አጠፋችውና ለራሷ እንደምታጉተመትም አድርጋ አለፈችው።

«አዎ» አለች ባለቤቴ።

ልጅቷ ጠርሙሱን አነሣች።

«አስቀምጪው» አልኳት። ደነገጠች። «ይህ የሚነበበው እንዲሰማ ነው። አልተሰማም።»

«አባባ፣ እኔ... ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው።»

«አንቺን በኔ ቅሬታ ላይ ማን ሾመሽ? ከላይ ጀምረሽ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢ።»

ልጄ ከጥግ «አባዬ» አለች። ባለቤቴ ግን «ታንብበው» አለች።

ልጅቷ ካርዱን መልሳ ገለጠች። እስከ መጨረሻው ቃል ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ወጣሁና በሩን ከውጭ ራሴ ዘጋሁት።